የሐሞት ጠጠርና ድንጋይ ሰባሪው ሞገድ



በትንሣኤ በዓል፥ ጾሙ ተፈትቶ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ማዕድ ዙሪያ በተሰበሰበበት ቀን፥ አንዲት የ60 ዓመት እናት ከምሳ በኋላ በቀኝ ጎድናቸው ሥር በብርቱ ታመሙ እንበል። ልጆቻቸውም «ከረጅም ጾም በኋላ ቅቤው ከብዷቸው ነው» ብለው ትኩስ ነገር አጠጥተው ያስተኟቸዋል። ሕመሙ ለጊዜው ይተዋቸዋል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን የዐይናቸው ነጩ ብጫ ይሆናል፤ ሽንታቸውም እንደ ጠላ ይጠቍራል፤ ገላቸውንም ያሳክካቸዋል። ከጎረቤት አንደኛው «ይህማ የወፍ በሽታ ነው፤ ቅጠሉን የሚያውቅ ሰው አለ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሐኪም ቤት ከሄዱ ሆዳቸውን ይቀድዷቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ ቢላዋ አይችሉም» ብሎ ያስፈራል። ቤተ ሰቡም በሁለቱ ምክር መካከል ሲዋልል ቀኑ ያልፋል።

ይህን የመሰለ ነገር በብዙ ቤት ይደርሳል፤ በከንቱ የሚያልፈውም ቀን አንዳንድ ጊዜ የሕይወት ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ በዚህ ወር ዐምዳችን የእኒህ እናት ሕመም ምን ሊሆን እንደሚችል፥ ሁለቱም መካሪዎች በምን እንደ ተሳሳቱ፥ ይልቁንም አልወጣ ያለውን የሐሞት ድንጋይ ሆድ ሳይቀደድ ባለበት ስፍራ ሰባብሮ ለማውጣት የተገኘው ጥበብ እንዴት እንደሚሠራ እናስረዳለን። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሐሞት በሕዝባችን ንግግር የታወቀ ስፍራ አለው። ደፋሩን «ሐሞተ ኮስታራ» እንለዋለን፤ ወኔው የከዳውን ደግሞ «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። በቅዱሳት መጻሕፍትም ሐሞት የመራራነት ምሳሌ ሆኖ ይገኛል፤ በመጽሐፈ ጦቢት ግን የዓሣው ሐሞት ዐይነ ስውር ለሆነው አባት መድኀኒት እንደ ሆነ ተነግሯል። የተፈጥሮ ሥራውን ስንመለከት፥ ሐሞት ጉበት በየቀኑ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚያህል የሚያመነጨው ብጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ነው። አንደኛው ተግባሩ ቅቤና ጮማ በአንጀት ውስጥ እንዲፈጩ መርዳት ነው፤ ሁለተኛው ተግባሩ አሮጌ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚቀረውን ብጫ ቀለም ከሰውነት ጠርጎ ማውጣት ነው።

ይህ ፈሳሽ ከጉበት በቧንቧ ይወርዳል። በመንገዱ ዳር የሐሞት ከረጢት የሚባል ትንሽ ማጠራቀሚያ አለ፤ ሐሞቱ እዚያ ገብቶ እየወፈረ ይቆያል፤ ሰው ቅባት ያለበት ምግብ በበላ ጊዜም ከረጢቱ ራሱን ጨምቆ ይለቀዋል። ዋናው የሐሞት ቧንቧ ስፋቱ በጤነኛ ሰው ከ6 ሚሊሜትር እምብዛም የማያልፍ ሲሆን፥ ከቆሽት ከሚመጣው ቧንቧ ጋር ተገናኝቶ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። አፉንም እንደ ከረጢት ማሰሪያ የሆነ ትንሽ ጡንቻ ይጠብቀዋል።

ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በከረጢቱ ውስጥ ነው። በሐሞት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ ወይም ብጫው ቀለም ከልክ ሲያልፍ፥ ማር በማሰሮ ውስጥ ቆይቶ እንደሚረጋ ሁሉ፥ እየረጋና እየጠነከረ ሄዶ ድንጋይ ይሆናል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፥ ከወጣቶች ይልቅ በዕድሜ የገፉትን፥ ደግሞም ውፍረት ያላቸውንና በጥቂት ጊዜ ውስጥ እጅግ የከሱትን ያጠቃል። ብዙ ሰዎች ጠጠር በሆዳቸው ይዘው ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ጭንቁ የሚመጣው ድንጋዩ ከረጢቱን ለቆ ወደ ዋናው ቧንቧ ወርዶ የተሰነቀረ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ሐሞት መውረጃ አጥቶ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዐይን ብጫ ይሆናል፤ ሽንት ይጠቍራል፤ ዐይነ ምድር ይነጣል፤ ቆዳ ያሳክካል። በታገደውም ሐሞት ውስጥ ተሐዋስያን የተራቡ እንደ ሆነ ብርቱ ትኩሳትና እንቅጥቅጥ ይከተላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ በ1877 እነዚህን ሦስት ምልክቶች፥ ማለት የሆድ ሕመምን፥ ትኩሳት ከእንቅጥቅጥ ጋርንና የዐይን ብጫነትን፥ በአንድነት ጽፎ አስታውቋል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ከተገኙ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ተሐዋስያኑ ወደ ደም ገብተው በጥቂት ቀን፥ አንዳንዴም በሰዓታት፥ ሊገድሉ ይችላሉና በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መድረስ ይገባል።

እንግዲህ የመጀመሪያው መካሪ ስሕተት እዚህ ላይ ይገለጣል። ሕዝባችን ዐይን ብጫ የሚያደርገውን ሁሉ «የወፍ በሽታ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራል፤ ምክንያቱንም ለሌሊት ወፍ ይሰጣል። ብጫነት ግን ምልክት ነው እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። የጉበት መቍሰል ብጫ ያደርጋል፤ የደም መፍረስ ብጫ ያደርጋል፤ በቧንቧው የተሰነቀረ ድንጋይም፥ በቆሽት ራስ ላይ የበቀለ እጢም ብጫ ያደርጋል፤ ወስፋትም ወደ ቧንቧው ሽቅብ ገብቶ ሊዘጋው ይችላል። እነዚህን ለመለየት የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ቅጠል ድንጋይን ከተሰነቀረበት አያነቃንቅም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበትን ይጎዳል።

ወደ ሁለተኛው መካሪ እንመለስ። ይህ ሰው የተናገረው ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ ጊዜው ግን አልፎበታል። በ1882 በበርሊን ከተማ በአልዓዛር ስም በሚጠራው ሐኪም ቤት ዶክቶር ካርል ላንገንቡህ የታመመ የሐሞት ከረጢትን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዶ ሕክምና አወጣ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት በሐሞት መንገድ የሚሰነቀረውን ድንጋይ ለማውጣት ሆድን ከመክፈት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ለሽማግሌና ለደካማ ሰውም ይህ ከባድ ፈተና ነበር። በ1968 ግን በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ዶክቶር ዊልያም ማክዩን በአፍ በገባ መመልከቻ ቱቦ አማካይነት የሐሞት ቧንቧን አፍ አግኝቶ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ጨመረበት። በ1974 ደግሞ በጀርመን በኤርላንገን ዶክቶር ክላሰንና ዶክቶር ዴምሊንግ፥ በጃፓን በኪዮቶ ዶክቶር ካዋይ፥ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው በዚሁ ቱቦ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገብተው የቧንቧውን ጠባብ አፍ በመሰንጠቅ ድንጋዩ የሚያልፍበትን በር ከፈቱ።

ዛሬ ሥራው በሚገኝባቸው ሐኪም ቤቶች የሚደረገው ይህ ነው። በሽተኛው እንቅልፍ የሚያመጣ መድኀኒት ከተሰጠው በኋላ ቱቦው በአፍ፥ በጉሮሮና በጨጓራ አልፎ እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይደርሳል። ሐኪሙ የቧንቧውን አፍ ከከፈተ በኋላ ከሽቦ የተሠራች ትንሽ ቅርጫት ወይም በአየር የምትነፋ ፊኛ አስገብቶ ድንጋዩን እየጎተተ ወደ አንጀት ይጥለዋል፤ ከዚያም ከዐይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከ100 በሽተኞች ከ85 እስከ 90 የሚሆኑት በዚህ ብቻ ይገላገላሉ።

የቀሩት ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ግን ድንጋያቸው እምቢተኛ ነው። አንዱ ስፋቱ ከ15 ሚሊሜትር ያልፋል፤ ሌላው እንደ በርሜል ሆኖ ቧንቧውን ሞልቶት ቅርጫቷ እንኳ የምታልፍበት ስፍራ አይገኝም። አንዳንዱ ከሥሩ ያለው ቧንቧ ጠቦ ወይም ተጣሞ መውጫ ያጣል፤ አንዳንዱም በጉበት ውስጥ ባሉት ቅርንጫፎች ይሸሸጋል። ነገሩ አንገቱ ጠባብ በሆነ ገንቦ ውስጥ እንዳደገ ትልቅ ድንጋይ ነው። ይህን ድንጋይ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይም ገንቦውን ይሰብራል፥ ወይም ድንጋዩን እዚያው ሳለ ይሰብረዋል። ቀዶ ሕክምና ገንቦውን የመክፈት መንገድ ነው። ሐኪሞች መጀመሪያ የገንቦውን አፍ በትልቅ ፊኛ ለማስፋት፥ ድንጋዩንም በጠንካራ ቅርጫት ጨምቀው ለመጨፍለቅ ይሞክራሉ፤ ይህም ካልሆነ ወደ ሞገዱ ይሄዳሉ።

ሞገዱ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ነጎድጓድን ማስተዋል ይበቃል። መብረቅ በሚበርቅበት ቅጽበት በመንገዱ ያለው አየር ከልክ በላይ ይግላል፤ የጋለውም አየር በድንገት ተለጥጦ ዙሪያውን ይመታል። ያ ምት በአየር ውስጥ እየተጓዘ መጥቶ መስኮታችንን ሲያንቀጠቅጥ ነጎድጓድ እንለዋለን። በውሃ ውስጥ የተደረገ እንደ ሆነ ደግሞ ምቱ የበለጠ ይበረታል፤ ውሃ እንደ አየር በቀላሉ አይጨመቅምና። በሶቪየት ኅብረት በሌኒንግራድ ይኖር የነበረው መሐንዲስ ሌቭ ዩትኪን በውሃ ውስጥ የሚፈነጠቅ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ጠንካራ ነገርን እንደሚሰብር መርምሮ በ1950ዎቹ ዓመታት አስታወቀ። ከዚሁ ዕውቀት አስቀድሞ የሽንት ፊኛ ድንጋይ መስበሪያ፥ በኋላም በ1970ዎቹ ዓመታት የሐሞት ቧንቧ ድንጋይ መስበሪያ ተገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከትልቁ ቱቦ ውስጥ 3 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ያለው፥ በጫፉ መብራትና ካሜራ የተገጠመለት ሌላ ትንሽ ቱቦ ወደ ሐሞት ቧንቧው ራሱ ይገባል። ሐኪሙ ድንጋዩን በራጅ ጥላ ብቻ ሳይሆን በቴሌቪዥን መስታወት ላይ ፊት ለፊት ያየዋል። ከዚያ ቧንቧውን በጨው ውሃ ሞልቶ ከአንድ ሚሊሜትር የሚቀጥን ሽቦ ወደ ድንጋዩ ያስጠጋል። በሽቦው ጫፍ ብልጭታው ሲፈነጠቅ በውሃው ውስጥ ትንሽ ነጎድጓድ ይሆናል፤ ድንጋዩም በምት ላይ ምት ሲደርስበት ይሰነጠቃል፥ ይፈረካከሳልም። ስብርባሪው በቅርጫትና በፊኛ ይጠረጋል። በዚህ ሥራ ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሽቦው ጫፍ ከድንጋዩ ይልቅ የቧንቧውን ግድግዳ ያገኘ እንደ ሆነ ሊበሳው ይችላልና፥ ሐኪሙ ጫፉን ሳያይ አያበራውም። በብልጭታው ፈንታ ሌዘር የሚባለውን የተጠራቀመ ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር አሳልፈው ድንጋዩን የሚሰብሩም አሉ። በሠለጠነ እጅ ከ10 በሽተኞች 9 የሚሆኑት በእነዚህ መንገዶች ከድንጋያቸው ይገላገላሉ፤ አንዳንዱ ግን ሁለተኛ ጊዜ መመለስ ያስፈልገዋል።

ሌላው መንገድ ሞገዱን ከአካል ውጭ አመንጭቶ በቆዳ ላይ ወደ ውስጥ መስደድ ነው። የዚህ አጀማመር የሚያስደንቅ ነው፤ ጥናቱን የጀመረው የሕክምና ድርጅት ሳይሆን ዶርኒየር የተባለው የጀርመን የአውሮፕላን ፋብሪካ ነበር። መሐንዲሶቹ በታላቅ ፍጥነት የሚበር አውሮፕላን ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲጋጭ በብረቱ ውስጥ የሚያልፈውን ምት ሲመረምሩ፥ ይህ ምት በውሃና በሥጋ ውስጥ እምብዛም ሳይጎዳ አልፎ ጠንካራ ነገር ሲያገኝ እንደሚሰብር ተረዱ። በየካቲት ወር 1980 በሙኒክ ከተማ ዶክቶር ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ በዚህ ሞገድ የአንድ በሽተኛን የኩላሊት ድንጋይ ሰበሩ። በዚያው ከተማ ዶክቶር ቲልማን ሳወርብሩህና ባልደረቦቹ ደግሞ ለሐሞት ድንጋይም እንደሚያገለግል በ1986 ለዓለም አስታወቁ።

ሞገዱ ሥጋውን ሳይሰብር ድንጋዩን ብቻ የሚሰብርበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ የማጉያ መነጽር የፀሐይን ብርሃን በአንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ወረቀት እንደሚያቃጥል፥ መሣሪያውም በመንገዱ ሁሉ ደካማ የሆነውን ሞገድ በድንጋዩ ላይ ብቻ ሰብስቦ ያበረታዋል። ሁለተኛ፥ የሰው ሥጋ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ሞገዱን ያሳልፈዋል፤ ድንጋይ ግን ድንገተኛ እንቅፋት ይሆንበታልና ምቱ በእርሱ ላይ ያርፋል።

በሽተኛው በአልጋ ተኝቶ ውሃ የተሞላ ትራስ መሳይ ነገር በገላው ላይ ይደገፋል፤ በአንድ ጊዜ ሕክምናም በሺህ የሚቈጠሩ ምቶች ይሰጡታል። ብዙው የሐሞት ድንጋይ በራጅ ስለማይታይ፥ አስቀድሞ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ በኩል እስከ ሐሞት ቧንቧው ተዘርግቶ ቀለም ይጨመርበታል፤ በዚህም ድንጋዩ ጥላ ሆኖ ይለያል። ይሁን እንጂ ሞገዱ ይሰብራል እንጂ አይጠርግም፤ ስለዚህ ስብርባሪውን በአፍ በሚገባው ቱቦ ለማውጣት ተመልሶ መግባት አብዛኛውን ጊዜ የማይቀር ነው። በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ ዶክቶር ናገሽዋር ሬዲ ባቋቋሙት የጨጓራና የአንጀት ሕክምና ተቋም ይህ የውጭ ሞገድ በብዙ በሽተኞች ላይ ተሠርቶበት ከ10 ከ8 በላይ በሆኑት ላይ ቧንቧው ፈጽሞ ጠርቷል። ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄዱ ወገኖቻችን ብዙ ስለ ሆኑ ይህን ማወቅ ለአንዳንድ ቤተ ሰብ ይጠቅማል።

አንዳንድ ሰው «እንዲህ ከሆነ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ጠጠር ስለ ምን በሞገድ አይሰብሩትም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በብዙ አገር ተሞክሮ ነበር። ነገር ግን ድንጋዩን የፈጠረው ከረጢት በስፍራው ስለሚቀር ጠጠሩ በብዙዎች ላይ ተመልሶ መጣ። በዚያው ዘመን በ1985 በጀርመን ዶክቶር ኤሪክ ሙሄ፥ በ1987 በፈረንሳይ ዶክቶር ፊሊፕ ሙሬ ከረጢቱን በትንንሽ ቀዳዳ ማውጣትን ስለ ጀመሩ ሞገዱ ለከረጢት መዋሉ ቀረ። ለቧንቧው እምቢተኛ ድንጋይ ግን ስፍራው ዛሬም አለ።

ጥቅሙን እንደ ተናገርን ጉዳቱንም መሸሸግ አይገባንም። በአፍ በሚገባው ቱቦ ከሚታከሙት መካከል ከ100 ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት የቆሽት መቍሰል ያገኛቸዋል፤ መድማትና የአንጀት መበሳትም አልፎ አልፎ ይደርሳል። የውጭው ሞገድ ቆዳን ሊያበልዝ፥ ሽንትን ለጊዜው ደም ሊያስመስል ይችላል። ለነፍሰ ጡርና ደማቸው ለማይረጋ ሰዎች አይደረግም። ስለዚህ ደም የሚያቀጥን መድኀኒት የሚወስድ፥ ወይም በልቡ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተተከለለት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

እንግዲህ እንደ እኒህ እናት ያለ በሽተኛ በቤቱ ያለው ቤተ ሰብ የሚከተሉትን ልብ ይበል።

አንደኛ፥ ትኩሳት ያለበት ብጫነት በቀጠሮ የሚታይ አይደለም። በዚህ ጊዜ የሐኪሙ የመጀመሪያ ሥራ ድንጋዩን መስበር ሳይሆን የታገደውን ሐሞት ማፍሰስ ነው፤ ለዚህም ጊዜያዊ የፕላስቲክ ቱቦ በድንጋዩ ጎን አሳልፎ ይተክላል። ሐሞቱ ከፈሰሰ በኋላ ድንጋዩ ሊጠብቅ ይችላል።

ሁለተኛ፥ ይህ ጊዜያዊ ቱቦ አይረሳ። በሽተኛው ስለ ተሻለውና ዐይኑ ስለ ጠራ ብቻ «ድኗል» ተብሎ ቢቀር፥ ቱቦው በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይደፈናል፤ ሕመሙም ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ የሚወጣበት ወይም የሚለወጥበት ቀን፥ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ገደማ፥ በቤቱ የቀን መቍጠሪያ ላይ ይጻፍ።

ሦስተኛ፥ ሐኪሙን «ድንጋዩ ስንት ነው? ስፋቱስ? ያለበትስ የት ነው? በቅርጫት ካልወጣ እዚህ መስበሪያ አለ ወይስ ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ያሻል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለኩላሊት ድንጋይ የሞገድ መሣሪያ ያለበት ስፍራ ሁሉ ለሐሞት ቧንቧም ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ይታወቅ።

አራተኛ፥ ቧንቧው ከጠራ በኋላ በከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ካለና የበሽተኛው አቅም ከፈቀደ፥ ሌላ ድንጋይ እንዳይወርድ ከረጢቱን ስለ ማስወጣት ከሐኪሙ ጋር ይመከር።

በመጨረሻ ስለ ጠበልና ስለ ጾም አንድ ቃል እንጨምር። ጠበልና ሕክምና የማይስማሙ የሚመስላቸው ምእመናን አሉ። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንዲገባን፥ የሐኪምም ጥበብ ከልዑል እንደ ተሰጠ ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ስለዚህ ጸሎቱም ጠበሉም ከሐኪሙ ጋር ይሁን እንጂ በሐኪሙ ፈንታ ቀን ማሳለፊያ አይሁን። ለምርመራው ጨጓራ ባዶ መሆን ስላለበት ሐኪሙ ከወሰነው ሰዓት በኋላ ጠበልም ቢሆን አይጠጣ። በሕመም ላይ ያለ ሰው ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን እናት ናትና ሕሙማን ልጆችዋን ከአቅማቸው በላይ አታስጨንቅም።

ለእኒያ እናት ልጆች ከተጠየቅን እንዲህ እንመክራቸዋለን፤ ዐይናቸው ብጫ በሆነበት በዚያው ቀን ይዘዋቸው ይሂዱ። ምናልባት ድንጋዩ በቅርጫት በቀላሉ ይወጣ ይሆናል፤ እምቢ ቢልም ገንቦው ሳይሰበር ድንጋዩ የሚሰበርበት ጥበብ አለ። የሚያስፈራው ቢላዋው ሳይሆን በምክር ብዛት የሚያልፈው ቀን ነው።

አምላከ ቅዱሳን ለሕሙማን ፈውስን፥ ለአስታማሚዎች ትዕግሥትን፥ ለሐኪሞች ማስተዋልን ይስጥልን።